የባላምባራስ ድልነሳ ቤት ይሸጣል

ሰብሰብ በሉ። መብራቱ ጠፍቷል፣ ዝናቡም አላባራም፣ ዛሬ ማንም የትም አይሄድም። በሩን ዝጉት። አይ፣ መቀርቀሪያውንም ጣሉበት። እንግዲህ ስሙኝ። የማወራላችሁ ነገር ደስ የሚል አይደለም። እኔን ራሴን ያቅለሸልሸኛል። እራቱን ገና አሁን የበላ ሰው ካለ ቀስ ብሎ ይስማኝ።

ሰዓቱ ምን ነበር? አመሻሽ ነበር። ፀሐይ ገብታ ጨለማው ገና ያልጠናበት፣ ከሩቅ የሚታየው ነገር ሰው ይሁን ቁጥቋጦ የማይለይበት ሰዓት። መንገዱስ? ከገበያው ወጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በጥዶቹ መሃል ዳገቱን የሚወጣ ቀጭን መንገድ ነበር። ቤት የለበትም፣ ውሻ አይጮህበትም። ዳገቱ ሲያልቅ ግን አንድ ቤት አለ። የከተማውን ስም አልነግራችሁም። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄድ ነበር። ማን ነው? አንዳርጌ የሚባል ደላላ ነው። ወዴት ነው የሚሄደው? ወደዚያ ቤት ነው። ለምን? ቤቱን መሸጥ ስላቃተው ነው።

ቤቱ ግን እንዴት ያለ ቤት መሰላችሁ! ፎቅ ነው፤ ያውም ፎቅ ብርቅ በነበረበት ዘመን የተሠራ። ከባሕር ማዶ የመጡ አናጢዎች ናቸው የሠሩት። ሰገነቱ ዙሪያውን እንደ ጥልፍ በተፈለፈለ እንጨት ተከቧል። መስኮቶቹ ቀይና አረንጓዴ መስተዋት አላቸው። የቆርቆሮው ጣሪያ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ጥዶቹን ይበልጣል። ያሠራው ባላምባራስ ድልነሳ የሚባል የቅቤ ነጋዴ ነበር። እሱ ከሞተ ቆይቷል። ቤቱ ለልጅ ልጁ ለወይዘሮ አሰገደች ደረሰ። ወይዘሮ አሰገደች እዚያው አርጅተው፣ ደረጃውን መውጣት ሲያቅታቸው ከልጃቸው ጋር ገበያው አጠገብ መኖር ጀመሩና አንዳርጌን አስጠሩት።

«ክረምት ሳይገባ ሽጥልኝ» አሉት።

አንዳርጌ አፍ ነበረው። ገዢ ይዞ ሲመጣ ገና ከበሩ ላይ፣ «ይኼ ተራ ቤት አይደለም፤ ታሪክ ያለው ቤት ነው!» ይላል። ምን ታሪክ? እሱ ምን ያውቃል! ለአንዱ፣ እዚህ ሰገነት ላይ መኳንንት ጠጅ ጠጥተዋል ይለዋል። ለሌላው፣ አንዲት የትልቅ ሰው ልጅ እዚህ ተድራለች ይለዋል። ገዢውም ፎቁን አይቶ ይደነቃል፣ በሰገነቱ ላይ ይንጎራደዳል፣ በቀዩ መስተዋት አሻግሮ ያያል። ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ትልቁ እንግዳ መቀበያ ይወርዳል። አየሩን ያነፈንፋል። እንደገና ያነፈንፋል። ከዚያ ምን ይላል? «እናስብበት» ይላል። ይሄዳል። አይመለስም።

ይሸታላ! ክፍሉ ይሸታል። የከረፋ ቅቤ ይሸታል። ዓመት ሙሉ ቅል ውስጥ ተረስቶ የከረመ ቅቤ አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ፣ ውሃ ቢጠጡበት የማይወርድ ሽታ። እንደዚያ ነው የሚሸተው።

እንግዲህ በዚያ አመሻሽ አንዳርጌ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ሊያይ ነው የሄደው። ወለሉን በሳሙና ፈተገው። ሽታው አልሄደም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ነሰነሰበት። አልሄደም። በመጨረሻ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመውን ትልቅ ቁም ሳጥን ገፋ አደረገው። ዝንብ ወጣ። አንድ ሁለት ዝንብ አይደለም፤ ከሳጥኑ ጀርባ ግር ብሎ ፊቱ ላይ ወጣበት።

ግድግዳው ላይ ጎድጓዳ ነገር ነበር።

ከብት የላሰው አሞሌ ጨው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መሃሉ ጎድጉዶ፣ ልስልስ ብሎ፣ ምላስ የሄደበት መስመር እየታየ? እንደዚያ ነበር። ጭቃው ጎድጉዷል። ቁመቱም ከተንበረከከ ሰው አፍ ትይዩ ነው። አንዳርጌ በጣቱ ነካው። እርጥብ ነው። ይሟልጫል። ደግሞም… ይሞቃል።

ጣቱን በግድግዳ ጠረገው። በሱሪው ጠረገው። ወጥቶ በአፈር አሸው። ቀፈፈው።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ተመልሶ ጭቃ አቡክቶ ጎድጓዳውን ደፈነው፣ ለሰነው፣ ኖራ ቀባው። በሦስተኛው ቀን ቢመጣ ኖራው የለም። ጭቃው የለም። ጎድጓዳው እንደነበረው ነው፣ ወለሉም ላይ አንዲት ጠብታ ጭቃ አልወደቀም። ታዲያ ያ ሁሉ ጭቃ የት ገባ? አንዳርጌም ይህንኑ ጠየቀ። ጠየቀና መልሱን ላለማሰብ ቁም ሳጥኑን መልሶ ገፋበት።

ይህ ከሆነ በኋላ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ባልየው ታደገ ይባላል፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ ዘመናይ ትባላለች። ዘመናይ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፣ ሆዷ ገፍቷል። አንዳርጌ እንደ ልማዱ፣ «ታሪክ ያለው ቤት ነው!» አለ። ፎቁን አሳያቸው። ሰገነቱን አሳያቸው። ከዚያ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ወደ ምድር ቤት አወረዳቸው።

ታደገ አፍንጫውን ያዘ። «ምንድን ነው የሚሸተው ጋሽ አንዳርጌ?»

ዘመናይ ግን አልያዘችም። ዓይኗን ጨፍና ሽታውን ሳበችው። ፈገግ አለች።

«ደስ ሲል!» አለች። «ታደገ፣ ይኼን ቤት ነው የምፈልገው።»

እርጉዝ ሴት አፈር እንደሚያምራት ታውቃላችሁ። ግድግዳ እየፋቁ የሚበሉ አሉ፤ ምንም ነውር የለውም። ታደገም እንደዚያ መስሎት ሳቀ። ወንዶቹ ስለ ውል ሲነጋገሩ እሷ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። ማንም ሳይነግራት ሄደች። እጇን ከሳጥኑ ጀርባ ሰደደች፣ ጣቷን አወጣች፣ አፏ ውስጥ ከተተችው። ጠባችው። አንዳርጌ አያት። ጣቷ ላይ የነበረውንም አየ፤ ቢጫ ነበር፣ ጭድ ነበረበት።

ግን ምን አደረገ? ፊቱን ወደ ታደገ መልሶ ስለ ዋጋው ማውራቱን ቀጠለ። ቤቱን የወደደ ሰው ያገኘው ገና ዛሬ ነው። ውሉን በነጋታው ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ።

ባልና ሚስቱ ከሄዱ በኋላ አንዳርጌ የተሰበረ መስኮት ሊጠግን ቀረ። ዝናብ መጣ። እንደዛሬው ያለ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ቢጮህ አይሰማም። መሸበት። ከጠዋት ጀምሮ ራሱን ሲያመው ስለነበር ሚስቱ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ አድርጋለት ነበር፤ ቅቤው እየቀለጠ ወደ ጆሮው ይወርዳል። ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ ምድር ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፋኖሱን አጠገቡ አደረገ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቀድሞም ነበረ፤ አሁን ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቱ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ዝንቦቹ ዝም አሉ። ከዚያ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል አንድ ድምፅ ሰማ።

ስልፕ… ስልፕ… ስልፕ…

ድመት ወተት ስትጠጣ ነው? ቤቱ ውስጥ ድመት የለም። ውሻ ነው? በሩ ዝግ ነው። ስልፕ… ስልፕ… ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው የሚመጣው። በሳጥኑና በግድግዳው መሃል እጅ እንጂ ሰው አይገባም። አንዳርጌ ፋኖሱን አነሣና አየ። የውስጥ እግር አየ፤ ወደ ላይ የተገለበጠ፣ እንደ ተንበረከከ ሰው። ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ከዚያ የሴት ጀርባ አየ። ጀርባው አጥንት ብቻ ነው። አጥንቱ በላሰች ቁጥር ይንቀሳቀሳል።

ፋኖሱ ጠፋ።

አንዳርጌ አልተነሣም። እንዴት ይነሣ? የመላሱም ድምፅ ቆመ። ጨለማ ነው። ዝምታ ነው። «ሄደች» ብሎ አሰበ። «ሄደች፣ ተመስገን» አለ።

ምላሱ አናቱ ላይ አረፈ!

ሻካራ ነው። እንደ ጥጃ ምላስ ሻካራና ሙቅ ነው። ከግንባሩ ጀምሮ እስከ ማጅራቱ ድረስ ቀስ ብሎ ላሰው። ተመለሰና ደግሞ ጆሮው ሥር የወረደውን ላሰው። አንዳርጌ በሩን እንዴት እንደከፈተ አያውቅም። ዳገቱን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ቤቱ ገብቶ ራሱን በሳሙና ታጠበ፣ በአመድ ታጠበ፣ በሎሚ አሸው። ሚስቱ፣ «ቆዳህን ላጥከው እኮ!» ብትለው አልሰማም። ምላሱ አሁንም አናቱ ላይ ነበር።

ሲነጋ ወይዘሮ አሰገደች ዘንድ ሄደ። ቁርስ ላይ ናቸው፤ ቅቤ የዋኘበት ቂንጬ ይበላሉ። ከንፈራቸው ያብለጨልጫል።

«እትዬ፣ ያ ቤት ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«አየሃት?» አሉ። አልደነገጡም። ማንኪያቸውንም አላስቀመጡም። «ልሳ ነው የምትሄደው፤ ማንንም አትነካም። እኔ ከሷ ጋር አይደለም እንዴ ያረጀሁት?»

«ማን ናት?»

ወይዘሮ አሰገደችም ነገሩት። እንዲህ ሲሉ ነገሩት፦ «ከብት ያለቀበት ክፉ ቀን ነው። ያን ጊዜ ቅቤ የያዘ ወርቅ ይዟል። አያቴ ብልህ ሰው ነበር፤ ዋጋው ይውጣ ብሎ ጋን ሙሉ፣ ጋን ሙሉ እያደረገ ቆለፈበት። በሩ ላይ ረሃብተኛው ያለቅሳል፤ ለአንዱ ቢሰጥ ሌላው ይጎርፍበታል። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ ቅቤው ከረፋ። ይጣል? አልጣለውም! ይኼኔ ቤቱ እየተሠራ ነበርና፣ ከጭዱ ጋር ግድግዳው ጭቃ ውስጥ አስቦካው። እንዳይሰነጠቅ።»

አንዳርጌ ሳያስበው አናቱን በመዳፉ ጠረገ።

«አንዲት እርጉዝ እንዴት እንደሆነ በአጥር ሾልካ ገባች። ግድግዳው ገና አልደረቀም። ተንበርክካ ስትልስ አገኟት። አሽከሮቹ ሊያባርሯት ሲሉ አያቴ ምን አለ መሰለህ? ‹ተዉአት ትላስ፤ ልስኑን ታሳምርልኛለች!›» ወይዘሮ አሰገደች ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እናቴ ይኼን ስትነግረን ሆዳችን እስኪቆስል ነበር የምንስቀው።»

«ከዚያስ?» አለ አንዳርጌ።

«ከዚያማ እዚያው ደረቀች። ና፣ ጉርሻ ልስጥህ።» ቅቤው በክንዳቸው እየወረደ እጃቸውን ዘረጉለት።

አንዳርጌ ወጥቶ ሄደ። እውነቱን ልንገራችሁ? ትናንት ማታ አናቱን ከላሰው ነገር ይልቅ ያች የተዘረጋች እጅ አንገሸገሸችው። ቀጥ ብሎ ታደገ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ነገረው። የዋሸውን ነገረው፣ ያየውን ነገረው። ታደገ ደነገጠ፣ ውሉ ቀረ። ዘመናይ ግን አለቀሰች። «ቤቴን ከለከላችሁኝ» አለች። ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ ታደገ እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ አንዳርጌ! ዘመናይ የለችም!»

የት ናት? እናንተም ታውቃላችሁ። ሁለቱ ፋኖስ ይዘው ወንዙን ተሻገሩ፣ በጥዶቹ መሃል ወጡ። በሩ ተከፍቷል። ቁም ሳጥኑ ተገፍቷል። ድምፁም ከውጭ ይሰማል። ስልፕ፣ ስልፕ። ስልፕ፣ ስልፕ። አንድ ምላስ አይደለም። ሁለት ምላስ ነው፤ አንዱ ሲያቆም አንዱ እየቀጠለ።

ገቡ። ዘመናይ ተንበርክካለች። ሻሿ ወድቋል፣ ጉንጯ በጭቃ ተወጥሯል፣ አገጯ ላይ ቢጫ ነገር ይወርዳል። ከጎኗ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ያ ጀርባ አለ።

«ዘመናይ!» አለ ታደገ። ዘመናይ አልዞረችም። ያችኛዋ ዞረች።

ጉንጭ የላትም። ቆዳዋ አጥንቷ ላይ ደርቋል። ምላሷ ከአፏ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ከመላስ ብዛት ሳስቷል፣ ጭድ ተጣብቆበታል። ሆዷ ግን ገፍቷል። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ሆዷ አሁንም ገፍቷል። እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ያቺን ከግድግዳው የተፋቀች እርጥብ ነገር ይዛለች።

«ኑ» አለች። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። «ኑ፣ አትፈሩ። ለሁላችንም ይበቃል።»

ታደገ ሚስቱን ያዘ። ዘመናይ ነከሰችው። ጎተታት፤ ጥፍሮቿን ግድግዳው ውስጥ ቀበረች። ያቺ እጅ ደግሞ ወደ አንዳርጌ አፍ እየቀረበች ነው። ሽታው ጉሮሮው ገባ። ሊያስመልሰው ነው። ቢጮህባት ምን ትሆናለች? ቢመታትስ? ምኗን እንደሚመታ እንኳን አያውቅም። አንዳርጌም ሰው ቤት ተጋብዞ መብላት ያቃተው እንግዳ እንደሚያደርገው አደረገ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ጠግበናል እናቴ» አለ። «እግዜር ይስጥልን። ጠግበናል።»

እጇ ቆመ። አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ይኼኔ የዘመናይ ጥፍሮች ከግድግዳው ለቀቁ።

ተሸክመው አወጧት። ጥዶቹ ሥር ሲደርሱ አስመለሳት። ቅቤ ወጣ፣ ጭድ ወጣ፣ ደግሞም የሷ ያልሆነ ረጅም ጸጉር ወጣ። ከዚያ አለቀሰችና፣ «የት ነው ያለሁት?» አለች። ልጇን በሰላም ወለደች፣ ደህና ነው። ለሱ አትስጉ።

በማግስቱ አንዳርጌና ታደገ የሰፈሩን ሰው ይዘው፣ መቆፈሪያ ይዘው ሄዱ። ያን ግድግዳ አፈረሱት። ከውስጡ የወጣውን አልነግራችሁም። አረንጓዴ ነበር፣ ይንቀሳቀስም ነበር፤ ይበቃችኋል። ሰዎቹ አፍንጫቸውን አስረው ነው የዛቁት። ጭቃውን በጆንያ ተሸክመው ቤተክርስቲያን ወሰዱት፤ ሌላ የሚቀበር ነገር ስላልተገኘ እሱን እንደ ሬሳ ሊቀብሩት። መምሬ ላቀው ጸሎቱን ጀመሩና አቆሙ።

«ስሟ ማን ነው?» አሉ።

ማንም አያውቅም። አንዳርጌ ወደ ወይዘሮ አሰገደች ሮጠ።

«እትዬ፣ የዚያች ሴት ስም ማን ነው?»

ወይዘሮ አሰገደች ቅንድባቸውን አነሡ። «የለማኝ ስም ደግሞ ማን ይይዛል?» አሉ። «ይልቅ ግድግዳዬን ማን ሊሠራው ነው?»

አንዳርጌ ደጃፋቸው ላይ ምራቁን ተፋ። እሳቸው ሲያዩት ተፋ። ወጣ። ጭቃው ስም ሳይጠራበት ተቀበረ።

አመሻሹ ላይ ብቻውን ወደ ራሱ ቤት ሲሄድ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ። ኮቴው ቆመ። ሄደ። ኮቴው ሄደ። አልዞረም፤ ቢሞት አይዞርም። ከዚያ የከረፋ ትንፋሽ ጆሮውን ሞቅ አደረገው።

«ስሜን ስትጠይቅልኝ ሰማሁህ» አለችው።

ነገረችው።

አንዳርጌ ወደ ቤቱ አልሄደም። በመጣበት ተመልሶ የመምሬ ላቀውን በር ደበደበና ስሙን ሳይረሳው ነገራቸው። ጠዋት ስሟ በመቃብሯ ላይ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም።

ማን ነበር ስሟ? አትጠይቁኝ። የሱና የመምሬ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚያ ትተኛላችሁ። በዚያ ክፉ ቀን በባላምባራስ ድልነሳ በር ላይ የሞተችው እሷ ብቻ አይደለችም። በአጥሩ ሥር፣ በጥዶቹ ሥር፣ በወንዙ ዳር የወደቀው ብዙ ነው። የአንዳቸውንም ስም የያዘ የለም። እሷ ስሟን ነግራ እንዳረፈች ሌሎቹ ሰምተዋል። ሰው ከሰው ጋር ሲሄድ አይጠጉም። ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው የሚጠብቁት።

ስለዚህ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። እሺ? አንሰማም ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን፣ ጆሯችሁ ሥር የሚነገራችሁን ስም አጥብቃችሁ ያዙት። ከረሳችሁት፣ ሊያስታውሷችሁ ቤት ድረስ ይመጣሉ።